እግሯን የያዙት እነማን ነበሩ?

በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ከመርሐ ግብር በኋላ ወንበር እየሰበሰብን ሳለ፣ አንድ ወጣት ዲያቆን ከቦርሳዬ ብቅ ያለውን ወፍራም መጽሐፍ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» መሆኑን ነገርኩት። ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ ካደረገው በኋላ መለሰልኝና በትሕትና፣ ነገር ግን ዐይኔን እያየ፣ «ወንድሜ፣ ይህ ለነፍስ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ጥያቄው የክስ ቃና አልነበረውም። ዳዊቱን ሳይደግም ከቤቱ የማይወጣ ልጅ ስለሆነ ጊዜውን ለምን ነገር እንደሚሰጥ ማወቅ ፈልጎ ነው። «ብዙ ይጠቅማል» ብዬው ወንበሬን ተሸክሜ አለፍኩ፤ መልሱ ግን ለእርሱም ለእኔም እንዳልበቃን ሁለታችንም ገብቶናል።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የምንሰጣቸው የተዘጋጁ መልሶች አሉን። «ቋንቋ ያዳብራል»፣ «የሰውን ጠባይ ያሳውቃል»፣ «አእምሮን ያሰፋል» እንላለን። ሁሉም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ማንም አንባቢ ሊሰጣቸው የሚችል እንጂ ክርስቲያን ስለሆንኩ የምሰጣቸው መልሶች አይደሉም። ሌላው መልስ «በውስጡ መንፈሳዊ ትምህርት አለበት» የሚለው ሲሆን፣ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ይህኛው ነው። በስንት መቶ ገጽ ተጠቅልሎ የተቀመጠው አንድ የወንጌል ጥቅስ ከሆነ፣ ዲያቆኑ ጥቅሱን በቀጥታ ከወንጌሉ ቢያነበው ይሻለዋል፤ ጥቅሱን ለማግኘት ብሎ የአንድ የሩሲያ ቤተሰብን ጠብ፣ ስካርና ግድያ ማለፍ አያስፈልገውም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የነገሩ ሥር ያለው በንባቡ ጥቅም ላይ ሳይሆን በአነባበቡ ላይ ይመስለኛል። ክርስቲያን አንባቢ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሲገልጥ ከሌላው አንባቢ የተለየ ምን ያደርጋል?

አባቶች ያነበቡት

ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት የግሪክን ሥነ ጽሑፍ ስለ ማንበብ ለወጣቶች በጻፈው ምክር ንብን ምሳሌ ማድረጉ የታወቀ ነው፤ ንብ ወደ አበባው ሁሉ አትሄድም፣ ከሄደችበትም ሁሉን ተሸክማ አትመጣም። ሰባኪዎቻችን ይህን ምሳሌ ይወዱታል። ቅዱስ ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ቆሞ «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና» ሲል የጠቀሰው አረማዊ ባለቅኔ ነው፤ የአራጦስ ግጥም የሚያወድሰው ዜውስን ነበር። ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውና ዛሬ ልጆቻችንን የምንመክርበት «ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል» የሚለው ቃልም ከቴአትር ጸሐፊው ከሜናንድር የመጣ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። አስቂኝ ቴአትር እየጻፈ የአቴናን ሕዝብ ያዝናና የነበረ ሰው ዐረፍተ ነገር፣ በመልእክተ ጳውሎስ ውስጥ ገብቶ በቅዳሴያችን መካከል ይነበባል ማለት ነው።

የእኛዎቹም አባቶች ከዚህ አልራቁም። ስለ እንስሳት ጠባይ በምሳሌ የሚናገረው ፊሳልጎስ ገና በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ ተመልሷል። አባ ሚካኤል በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ የመለሱት መጽሐፈ ፈላስፋ ሶቅራጥስን፣ አፍላጦንንና አርስጣጣሊስን የገዳም እንግዶች አድርጓቸዋል። ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ዜና እስክንድር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ዓመት የሞተው፣ ለአማልክቱ ይሠዋ የነበረው የመቄዶንያ ንጉሥ፣ በግእዙ መጽሐፍ የሚጾም፣ የሚጸልይ፣ ስለ ሥላሴ የሚመሰክር ሆኖ ይገኛል። መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ የተረጎሙት አባቶች ያንን ኃይለኛ ንጉሥ ከውጭ ትተውት ሊገቡ እንዳልፈለጉ ይታየኛል። ሆኖም ትክክለኛውን እስክንድር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እዚያ አያገኘውም።

የዛሬው ክርስቲያን አንባቢም በሁለት በኩል ይፈተናል። ወይ መጽሐፉን ያወግዘዋል፣ ወይ ደራሲውን በግድ ያጠምቀዋል። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይገጥማሉ፤ ሁለቱም ሰውዬው ተናግሮ እስኪጨርስ አይታገሡም። በንስሐ ፊቱ የቀረበውን ሰው ገና ከመጀመሪያው ቃል «ገብቶኛል፣ በቃ» የሚል ካህን ቢኖር ምን እንደምንለው እናውቃለን፤ መጽሐፍ ስናነብ ግን ይህን ማድረግ የእምነት ጽናት ይመስለናል።

ኢቫን ተናግሮ እስኪጨርስ

«የካራማዞቭ ወንድማማቾች» እ.ኤ.አ. በ1879 እና በ1880 በመጽሔት ላይ በየክፍሉ እየወጣ የተነበበ ልብ ወለድ ነው። በአምስተኛው መጽሐፉ ላይ ምሁሩ ኢቫንና ታናሽ ወንድሙ፣ የገዳሙ ረድእ አልዮሻ፣ በአንድ መጠጥ ቤት ጥግ ተቀምጠው ያወራሉ። ኢቫን የሕፃናትን ሥቃይ እያነሣ ይቆጥራል። ከሁሉ የከፋው፣ የጌታውን ውሻ ድንጋይ ወርውሮ ስላቆሰለ በእናቱ ፊት ልብሱን ተገፎ በአደን ውሾች የተበጫጨቀው የስምንት ዓመት ልጅ ነው። «ይህን ጄኔራል ምን እናድርገው? በጥይት እንምታው? ተናገር እንጂ አልዮሻ!» ሲለው፣ ያ የዋህ ረድእ ፊቱ ገርጥቶ በጥይት መመታት እንዳለበት ይመልሳል። ኢቫን የሚመጣው ዓለም ደስታ በዚህ ዓይነት ዋጋ የሚገዛ ከሆነ የመግቢያ ትኬቱን በአክብሮት እመልሳለሁ ይላል። እግዚአብሔርን አልካድኩም፣ ትኬቱን ግን አልቀበልም ነው ነገሩ።

አማኝ አንባቢ እዚህ ሲደርስ ገጹን ማፋጠን ይጀምራል። ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ የአልዮሻ መንፈሳዊ አባት የሆኑት የመነኩሴው የአባ ዞሲማ ትምህርት እንደሚመጣ ሰምቷልና ወደዚያ ለመድረስ ይቸኩላል። ዶስቶየቭስኪ ራሱ ግን አልቸኮለም። የኢቫንን ክርክር እርሱ ራሱ ሊመልሰው የማይችል እስኪመስል ድረስ አጠንክሮ ነው የጻፈው። በነሐሴ 1879 ለባለሥልጣኑ ወዳጁ ለፖቤዶኖስቴቭ በጻፈው ደብዳቤ፣ የመነኩሴው ክፍል በቂ መልስ ይሆን እንደሆነ እንደሚሠጋ፣ መልሱም ነጥብ በነጥብ የተሰጠ ሳይሆን በሥዕል መልክ የቀረበ መሆኑን ገልጿል። በእግዚአብሔር የሚያምን ደራሲ ለተቃዋሚው ከራሱ የበለጠ አንደበት ሲሰጥ ማየት፣ ለእኔ ከማንኛውም የመከላከያ ስብከት ይበልጥ የእምነት ሥራ ነው። ከፈራ እንዲህ አይጽፍም ነበር።

የጻፈውም ከሩቅ ሆኖ አይደለም። በግንቦት 1878 ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጁ አልዮሻ በሚጥል በሽታ ሞተበት፤ በሽታው ከአባቱ የመጣ ነበር። በቀጣዩ ወር ወደ ኦፕቲና ገዳም ሄዶ አባ አምብሮስዮስን አገኘ። በልብ ወለዱ ውስጥ ልጇን የቀበረች የባላገር ሴት ወደ አባ ዞሲማ ትመጣለች፤ የሟቹ ሕፃን ስም አሌክሲ (አልዮሻ የዚሁ ስም ማቆላመጫ ነው)፣ ዕድሜውም ለሦስት ዓመት ሦስት ወር የቀረው ነው። አባ ዞሲማ መጀመሪያ የተለመደውን ያጽናኗታል፣ ልጅሽ ከመላእክት ጋር ነው ይሏታል፤ እርሷ ግን ይህን አውቃለሁ፣ ከእኔ ጋር ግን የለም ትላለች። ያን ጊዜ ስለ ልጆቿ አልቅሳ መጽናናትን ያልወደደችውን ራሔልን ጠቅሰው «አትጽናኚ፣ አልቅሺ» ይሏታል። በእኛ ለቅሶ ቤት ይህን የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ገና እናቲቱ ድምፅ ስታሰማ «ተይ፣ አምላክን ማማረር ነው» የሚል ከየጥጉ ይነሣል። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብሎ የተረተ ሕዝብ፣ ያዘነች እናት ከአንጀቷ እንዳታለቅስ መከልከልን ከየት እንዳመጣው አይገባኝም።

ሽንኩርቱና ጥርኙ ውኃ

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አባ ዞሲማ ሲያርፉ ሕዝቡ ተአምር ይጠብቃል፤ አስከሬናቸው ግን በዚያው ቀን ይሸታል። የቅዱሳንን ዐፅም ስናከብር ላደግን ለእኛ ይህ ምዕራፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አያሻም። ልቡ የተሰበረውን አልዮሻን፣ የመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ተማሪ የሆነው ራኪቲን ሊያስተው በከተማው ክፉ ስም ወዳላት ሴት፣ ወደ ግሩሼንካ ቤት ይወስደዋል፤ ለዚህም ሥራው ከእርሷ 25 ሩብል ሊቀበል ተስማምቷል። ግሩሼንካ በአልዮሻ ጭን ላይ ትቀመጣለች። ነገር ግን አባ ዞሲማ ማረፋቸውን ስትሰማ አማትባ ትነሣለች። አልዮሻም ክፉ ነፍስ አገኛለሁ ብሎ በመጣበት ቤት እኅት እንዳገኘ ሲናገር፣ እርሷ በልጅነቷ ከምግብ አብሳይዋ የሰማችውን ተረት ታወራለታለች።

ያን ሰሞን ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለሚኖሩ እማሆይ ከሰዓት በኋላ ስንክሳር አነብላቸው ነበር። ዐይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸውና ማስተዋላቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ዐቢይ ጾም ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ ያችን ሰዓት የሚያሳልፉት ጥጥ እየፈተሉ ነው። የዕለቱን አንብቤ ስጨርስ ገና ጊዜ ስለነበረን «አንድ የሩሲያ ተረት ልንገርዎት?» አልኳቸው። «ሩሲያ ኦርቶዶክስ አይደሉም? ንገረኝ ልጄ» አሉ።

ነገርኳቸው። ክፉ ባልቴት ነበረች፤ ሞተች፤ አንድም መልካም ሥራ ስላልተገኘላት አጋንንት በእሳት ባሕር ጣሏት። ጠባቂ መልአኳ ቆሞ ሲያስብ አንድ ነገር ትዝ አለውና ለእግዚአብሔር «ከጓሮዋ አንድ ሽንኩርት ነቅላ ለለማኝ ሴት ሰጥታለች» አለ። እግዚአብሔርም «ያንኑ ሽንኩርት ያዝና ዘርጋላት፤ ይዛ ከወጣች ገነት ትግባ፣ ከተበጠሰ ግን በዚያው ትቅር» አለው። መልአኩ ዘረጋላት፤ ያዘች፤ ቀስ እያለ ሳባት። ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት በባሕሩ ያሉት ሌሎች ኃጢአተኞች አይተው አብረው ሊወጡ እግሯን ያዙ። እርሷም «የሚወጣው ለእኔ ነው እንጂ ለእናንተ አይደለም፤ ሽንኩርቱ የእኔ ነው!» እያለች ትረግጣቸው ጀመር። ይህን እንዳለች ሽንኩርቱ ተበጠሰ። መልአኩም አልቅሶ ሄደ።

እንዝርታቸው ቆመ። መጀመሪያ የተናገሩት እኔም የጠበቅኩትን ነበር፤ «ይህችማ የበላዔ ሰብእ ዘመድ ናት» አሉ። በላዔ ሰብእን በተአምረ ማርያም ሲነበብ እየሰማ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው የተጠማ ሰው የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ከሁሉ በልጦ ተገኘለት። (ይህ ታሪክ በክርስቲያኖች መካከል ክርክር እንደሚያስነሣ አውቃለሁ፤ ክርክሩን ለሌላ ቀን እተወዋለሁ።) ዶስቶየቭስኪ የሽንኩርቱን ተረት ከአንዲት የገጠር ሴት አንደበት እንደጻፈው ለአዘጋጁ ተናግሯል። የጥርኙ ውኃና የሽንኩርቱ መመሳሰል ቀድሞውንም አስደስቶኝ ስለነበር፣ እማሆይ በአንድ ቃል ሲደርሱበት ነገሩ የተጠናቀቀ መሰለኝ።

እርሳቸው ግን አልጨረሱም። «እግሯን የያዙት እነማን ነበሩ?» አሉኝ።

«መጽሐፉ አይልም፤ ሌሎች ኃጢአተኞች ናቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«እሱንም አይልም፣ እማሆይ።»

ዝም አሉ። ከዚያ እንዝርታቸውን ሳያነሡ፣ «እነሱም እኮ ሊወጡ ነበር» አሉ።

ይህን ተረት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እንጃ፤ ሁልጊዜ የማነበው ግን ስለ አንዲት ሴት ስስት የተነገረ አድርጌ ነበር። ዐይኔ ሴትዮዋ ላይ ነው። ትወጣለች ወይስ አትወጣም? እማሆይ ያዩት ግን ከሥር ያለውን ሕዝብ ነው። እንዳሉትም ተመልሼ ጽሑፉን ሳየው፣ ሽንኩርቱ ያ ሁሉ ሰው ሲንጠለጠልበት አልተበጠሰም። ክብደቱ አልበጠሰውም። የተበጠሰው «የእኔ ነው» ባለች ቅጽበት ነው። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አንድ ሽንኩርት የእሳቱን ባሕር ሁሉ ባዶ ሊያደርግ ይችል ነበር ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከሴትዮዋ መውደቅ ይልቅ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ዶስቶየቭስኪ በልብ ወለዱ መግቢያ ላይ ያስቀመጠው የዮሐንስ ወንጌል ቃል ትዝ አለኝ፤ የስንዴ ቅንጣት በምድር ወድቃ ካልሞተች «ብቻዋን ትቀራለች»። ያን ጥቅስ ሁልጊዜ የማነበው ስለ ፍሬው ነበር፣ ስለ ብቻነቱ አልነበረም።

እማሆይ ትምህርት ፍለጋ አልሄዱም። «ይህ ምን ያስተምረናል?» አላሉም። ስም ያልተሰጣቸውን ሰዎች እንደ ጎረቤት ቆጥረው ስለ እነርሱ ተጨነቁ። ለዲያቆኑ የሚሆን መልስ ካለኝ ከዚህ የሚጀምር ይመስለኛል። ባልንጀራህን ውደድ የሚለው ትእዛዝ መጽሐፍ ስንገልጥ ለጊዜው የሚቆም አይደለም፤ ደራሲው ችላ ብሎ ያለፈው ሰው ሳይቀር በዚያ ትእዛዝ ሥር ነው።

በበረዶው ላይ የወደቀው

በዚህ ጥያቄ ወደ ኢቫን ስመለስ ሌላ ሰው አገኘሁ። ትኬቱን የመለሰው ኢቫን በአንድ በኩል ከባልቴቲቱ ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ሌሎች ተሠቃይተው እኔ አልወጣም ይላል። በዚያ ንግግሩ ውስጥ ብዙ አማኞች የሌላቸው ርኅራኄ አለ፤ ይህን መካድ ሐሰት ነው። ነገር ግን ያንኑ ንግግር ሲጀምር፣ ሰው የቅርብ ባልንጀራውን እንዴት ሊወድ እንደሚችል ገብቶት እንደማያውቅ፣ መውደድ የሚቻለው የሩቁን ብቻ እንደሆነ ለአልዮሻ ነግሮታል። ያለቀሰላቸው ልጆች በጋዜጣና በወሬ ያገኛቸው ናቸው።

ከብዙ ምዕራፎች በኋላ፣ አባታቸውን ገድሏል በተባለው በወንድሙ ፍርድ ዋዜማ፣ ኢቫን ወደ ቤታቸው አገልጋይ ወደ ስሜርዲያኮቭ ሲሄድ በዐውሎ በረዶ መካከል አንድ የሰከረ ገበሬ እየዘፈነ ይገጥመዋል። በጥላቻ ገፍትሮ ይጥለዋል፤ ሰውዬው ራሱን ስቶ ይዘረራል። ኢቫን በብርድ እንደሚሞት ያስባል፣ ግን አልፎት ይሄዳል። ስሜርዲያኮቭ የግድያውን ምሥጢር ከነገረው በኋላ ሲመለስ በዚያው ሰው ላይ ይደናቀፋል። አሁን ያነሣዋል፣ ሰው ጠርቶ ያሸክመዋል፣ ሐኪም ያስጠራለታል፣ ከኪሱ ይከፍላል፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ክፍል በሊቃውንቱ ትንታኔ ብዙም ሲነገር አልሰማሁም፤ ሁሉም የሚሮጠው ኢቫን ለአልዮሻ ወደሚተርክለት ወደ «ታላቁ መርማሪ» ምዕራፍ ነው። ለእኔ ግን የኢቫን ሽንኩርት ይህ ነው። በክርክር ያልተመለሰው ሰው፣ ስሙን እንኳ ያልጠየቀውን ሰካራም ከበረዶ ያነሣል። ይህ ክርክሩን ይመልሰዋል ማለቴ አይደለም፤ የተበጫጨቀው ልጅ አሁንም እንደ ተበጫጨቀ ነው። ደራሲው በሥዕል መለስኩ ሲል ግን ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ እዚህ ነው።

ከዚያ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና አነሣሁ። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ በእኛ መካከል የቤተ ክህነትን ገመና ያወጣ መጽሐፍ ተደርጎ የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከመንፈሳዊ ሰዎችም «አባቶችን ይሳደባል» ሲባል ሰምቻለሁ። ሀዲስ ዓለማየሁ ግን የካህን ልጅ፣ በጎጃም አብነት ትምህርት ቤቶች ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ የሚወቅሱት የውጭ ሰው ሆነው አይደለም። የልጁ የበዛብህ እናት ውድነሽ ልጇ እንዲተርፍላት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ትሳለዋለች። ስእለቱ እንደ ሐና ስእለት ከፍቅር የወጣ ነው፤ ልጁን ከሞት የሳበችበት ገመድ ነው። በኋላ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ያው ገመድ ይዞ ያስቀረዋል። ቀድሞ ሳነበው የምቆጣው በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ነበር፤ ትዕቢታቸው ፊት ለፊት ስለሚታይ ቁጣው ቀላል ነው። እንደ እማሆይ ጠይቄ ሳነበው ግን ውድነሽ ላይ ቆምኩ። ለእግዚአብሔር የሰጠችው የራሷን ነገር ነበር ወይስ የልጇን? መጽሐፉ ይህን በጥያቄ መልክ አያነሣውም፤ ሀዲስ እርሷን አይከሱም፣ አይሟገቱላትምም። እንደ ሴትነቷ፣ እንደ እናትነቷ አቁመዋት ያልፋሉ። ስእለት የሚገባበት የደጀ ሰላም ሕይወት ውስጥ ላደገ ሰው፣ ይህን ጥያቄ ሳይፈሩ ይዞ መቆየት ቀላል አይደለም።

መልአኩ ወዴት ሄደ?

በሌላ ቀን፣ ስንክሳሩን ገና ሳልከፍት፣ እማሆይ ያቺን ሴት መልሰው አነሡብኝ።

«ያ መልአክ አልቅሶ ሄደ ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«ወዴት ሄደ?»

«ወዴት እንደሄደ አይልም።»

«መጀመሪያ የሽንኩርቱን ነገር ለማን ነበር የነገረው?»

«ለእግዚአብሔር።»

«እንግዲያ ወዴት ይሄዳል?» አሉና ጥጣቸውን አነሡ።

መልሱ ደስ ቢለኝም ወዲያው ተጠራጠርኩት። ደራሲን በግድ ማጥመቅ አይገባም ብዬ የማምን ሰው፣ ይህንስ ምን ልለው ነው? ተረቱ እዚያ ላይ ያልቃል። ግሩሼንካም ስታወራው ተስፋ ለመስጠት አይደለም፤ ያቺ ክፉ ባልቴት እኔ ነኝ ለማለት ነው። ወደ መጽሐፉ ተመለስኩ። ከዚህ ቤት የወጣው አልዮሻ ወደ ገዳሙ ሲመለስ በአባ ዞሲማ አስከሬን ራስጌ ወንጌል እየተነበበ ነው፤ ምንባቡ የቃና ዘገሊላ ነው። አልዮሻ ተንበርክኮ ሳለ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በሕልሙ አባ ዞሲማ ከሰርጉ ማዕድ ተነሥተው ይጠሩታል፤ ለምን እንዲህ ትገረማለህ፣ እኔም ሽንኩርት ሰጥቼ ነው እዚህ የተገኘሁት፤ እዚህ ካሉት ብዙዎቹ የሰጡት አንድ ትንሽ ሽንኩርት ብቻ ነው ይሉታል። ሽንኩርቱ ከእሳት ባሕር ተነሥቶ ሰርግ ቤት ገብቷል። እማሆይ ይህን ምዕራፍ አላነበቡትም፤ ነገር ግን የጠየቁት ጥያቄ መጽሐፉ ራሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነበር።

ይሁን እንጂ በሰርጉ ማዕድ ላይ ያቺ ባልቴት መኖሯ አልተጻፈም። እግሯን የያዙትም አልተጻፉም። ስለዚህ የእማሆይን መልስ የዶስቶየቭስኪ መልስ ነው ብዬ ለማንም አልናገርም። ዜና እስክንድርን የጻፉት አባቶች ለንጉሡ ያልተናገረውን ቃል በአፉ አኖሩለት፤ እማሆይ ግን በመልአኩ አፍ ምንም አልጨመሩም፣ የሄደበትን መንገድ ብቻ ተከትለው ጠየቁ። ለእኔ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በንባብ ክበባችን ያሉ ወንድሞች ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይታየንም ብለው ተከራክረውኛል፣ ክርክሩም ገና አልተዘጋም።

የቃናውን ምዕራፍ እንዳለ በአማርኛ እየመለስኩ ነገርኳቸው። ሙታን ባሉበት የሰርግ ወንጌል መነበቡን ወደዱት። ከዚያ ጥቂት አሰቡና፣ «ያ ገንዘብ ሊቀበል የነበረው ልጅስ?» አሉኝ። ራኪቲንን መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሁሉ ይንቀዋል፤ እኔም ከነአካቴው ረስቼው ነበር። ሃያ አምስቱን ሩብል እያፈረ መቀበሉን፣ ከዚያም አልዮሻን ሰድቦ በጨለማ ብቻውን መሄዱን ነገርኳቸው። «ተረቱ ሲወራ አብሮ ነበር?» አሉ። ነበር፣ እየሰማ ነበር አልኳቸው። «ስሙን ማን አልከኝ?» ራኪቲን የተፈጠረ ሰው እንደሆነ፣ ሩሲያ ውስጥም እንዲህ ያለ ሰው በሕይወት እንዳልኖረ አስረዳኋቸው። አልተከራከሩኝም፤ ስሙን ግን ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ለምላሳቸው ስላልተመቸ «ራኪ» ብለው አሳጠሩት።